አርባ ወንበር

ከራስ አል ኸይማ ዳር፣ ተራራ ተንተርሶ፣
አንድ ትንሽ ኮሌጅ አለ፣ የሲሚንቶ አቧራ ለብሶ።
ምህንድስና ብቻ ነው፣ ሌላ ትምህርት የለበትም፤
የሚቀበለው አርባ ሰው፣ አርባ አንደኛው አይገባበትም።

ልጄ ራውዳ ስሙን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች፤
ወተት ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር፣ ወረቀቷ “አርባ” ትለኛለች።

እኔ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ፣ ሻርጃ ውስጥ፣ ሃያ ዓመት፤
ቁጥር የማውቀው በጋዝ ግፊት፣ በሽቦ ውፍረት፣ በሙቀት።
ስለዚህ ሌሊት ተነሥቼ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ
ዕድሏን እለካ ጀመር፣ ይሞላ ይጎድል እንደሁ ላይ።

ሒሳብ ዘጠና አንድ። መልካም።
ፊዚክስ ሰማንያ ስምንት። ያም አይከፋም።
ዓረብኛ ስልሳ ሁለት። እዚሁ ተወልዳ!
አስተማሪዋን ልወቅስ ስል የራሴው ዓረብኛ ትዝ አለኝ፤
“ሞተሩ ሞቷል”፣ “ነገ እመጣለሁ”፣ “ገንዘቡስ?”፣ ሌላ ቃል የለኝ።

ሦስት መቶ ሰው ያመለክታል ይባላል። አርባን አካፈልኩ፤
ከመቶ ዐሥራ ሦስት ወጣ፤ ደግሜ ሠራሁ፣ ያው አገኘሁ።
ጋዙ እዚህ የወረደ ማቀዝቀዣ ባገኝ
“ይጣል” ብዬ ነው የማልፈው።

ክፍያውን በሌላ ደረሰኝ ለብቻው ጻፍኩት፤
እሱን አራት አጥፌ ጫማዬ ውስጥ ደበቅኩት።

ደግሞም የሷ የመኖሪያ ፈቃድ በእኔው ላይ ተንጠልጥሏል፣
የእኔው በኩባንያው ላይ፤
ኩባንያው በምን እንደተንጠለጠለ አላህ ያውቃል።

ነስሩ መሰላሉን ከሥር ይዞልኝ፣ ቀና ብሎ፣
“ትልቁን ይሞክሩ እንጂ፣ ዱባይ ስም ያለው ሞልቶ!
ትንሽ ቦታ የገባ ሰው ትንሽ ሆኖ ይቀራል” አለኝ።
ሩቅያ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ካውያዋን ሳታነሣ፣
“ከአርባው ስንቱ ሴት ነው? ጠይቀሃል?”
አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ፣ መሰላል በተጫነው መኪና።
ዘበኛው አየንና፣ “ጥገና በጓሮ በር” አለ፤
መሪውን ጠመዘዝኩ፣ ልምድ ነውና።
ራውዳ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣
“ተጋብዘን ነው የመጣነው” አለች፣
በዚያው ስልሳ ሁለት ባገኘችበት ዓረብኛ።

ወርክሾፑ አንድ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ የታመመ ፓምፕ፤
እጅጌው ዘይት የጠጣ ሽማግሌ መምህር አስነሣውና
“ምን ትሰማላችሁ?” አለ።
ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።
እኔ አውቄዋለሁ። ምላሴን ነክሼ ዝም።
ራውዳ አጎንብሳ ጆሮዋን ሰጠችው፣
ሕፃን ሳለች ከራስጌዋ የሚያቃስተውን
አሮጌ የመስኮት ማቀዝቀዣ እንደምታዳምጠው።
“ኩሽኔታው” አለች፣ በአማርኛ።
ዞራም አየችኝ፤ በነሱ ቋንቋ ስሙ ጠፍቷታል።
ለእኔም ጠፍቶኛል።
በጣቶቿ ክብ ሠራች፣ በሌላው ጣት ውስጡን አሽከረከረች።
ሰውየው ሳቀ። ፈታው።
ኳሶቹ ተበልተዋል።

ስንመለስ፣ ግመል ተጠንቀቁ የሚለውን ምልክት አልፈን፣
“ልክሽ ነው?” አልኳት።
ይህችን ቃል እኔ የማውቃት በሌላው ፊቷ ነው፤
“ልክህን እወቅ” ሲሉኝ፣
በዓረብኛ፣ በኡርዱ፣ አንዳንዴም በገዛ ቋንቋዬ።
እሷ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ፣
ሱቅ ውስጥ ጫማ እንደሚሞክር ሰው
ጣቶቿን አንቀሳቀሰች።
“ልኬ ነው” አለች። ቆየት ብላም፣
“አውራ ጣቴን ትንሽ ይጫነኛል እንጂ።”

እኔም ጫማዬ ውስጥ ያለው ደረሰኝ
ተረከዜን እየቆረቆረኝ፣
ነዳጁን ረገጥ አደረግሁ።